ሦስት ወር ለአንድ ምሽት፦ በዋሽንግተን እንደገና የሚጀምር የመድረክ ባለሙያ

ፍሪላንስ የመድረክ ባለሙያ የሚባለው በየትኛውም ቴአትር ቤት የደመወዝ መዝገብ ላይ ስሙ ያልሰፈረ፣ ሥራ በተገኘ ቁጥር ለአንድ ተውኔት ተዋውሎ የሚሠራ ተዋናይ፣ አዘጋጅ፣ ጸሐፌ ተውኔት ወይም የመብራትና የአልባሳት ባለሙያ ነው። በገዛ ሀገሩ እንኳ ኑሮው ዛሬ ሞልቶ ነገ የሚጎድል ነው። ከተማ ሲለውጥ ደግሞ ሌላው ሠራተኛ የማያውቀው ችግር ይገጥመዋል። ሹፌር አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጣል፤ ነርስ ተፈትና ወደ ሙያዋ ትመለሳለች። የተዋናይ መሣሪያ ግን ቋንቋውና ተመልካቹ ናቸው። ቋንቋውን ይዞት ይሄዳል፤ ተመልካቹን ግን አስከትሎ አይሄድም።

ለዚህ ጉዳይ ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋን ያሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ጥሩ ማሳያ ናቸው። በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የሚኖረው እዚህ ነው። ዲሲ በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛን የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። (በዚህ ጽሑፍ የአሜሪካው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የአዲስ አበባው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።) ሰው አለ፣ ቋንቋው አለ። የሌለው በሳምንቱ በታወቀ ቀን በሩን የሚከፍት የአማርኛ ቴአትር ቤት ነው።

ባለሙያው ትቶት የመጣው ሌላ ዓለም ነው። አዲስ አበባ ላይ ሀገር ፍቅር ከ1927 ጀምሮ አለ። ብሔራዊ ቴአትር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ በ1948 «ዳዊትና ኦርዮን» በተባለው ተውኔት መጋረጃውን ከፍቷል። እነዚህና ሌሎቹ የመንግሥት ቤቶች ተዋንያን በደመወዝ ይቀጥራሉ፤ የቅጥሩ ቦታ ግን ጥቂት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ያስመረቃቸውንም ሆነ ከየክበቡ ያደጉትን ሁሉ ሊይዝ አይችልም። የቀረው ሁሉ ፍሪላንስ ነው። ይሁንና ፍሪላንሱም ቢሆን ከቤቱ ወግ ይጠቀማል። ተውኔቱ ከተገመገመና ካለፈ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ይመደብለታል። በዚያ ቀን ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይታያል። ተመልካቹ ቀኑን ለምዶታል፤ ማን እንደሚጫወት ባያውቅ እንኳ ይመጣል። ተዋናዩም ገጸ ባሕርዩን የሚያበስለው በልምምድ ብቻ አይደለም፤ በአሥረኛውና በሃያኛው ትርኢት ላይ የቱ ቦታ እንደሚያስቅ፣ የቱ ጋ ትንፋሽ መያዝ እንዳለበት ከሕዝቡ ይማራል።

ዋሽንግተን ላይ ይህ ይቀራል። አንድ የአማርኛ ተውኔት ሁለት ወይም ሦስት ወር ተለማምዶ ብዙውን ጊዜ የሚታየው አንድ ምሽት ነው። ቢሳካ ወደ አትላንታ፣ ወደ ዳላስ ወይም ወደ ሲያትል ይዞራል፤ እዚያም አንድ አንድ ምሽት። ሃያኛው ትርኢት የሚባል ነገር የለም። በአዲስ አበባ መድረክ ላደገ ሰው ትልቁ ጉዳት ይኼ ይመስላል፤ ከገንዘቡ ይልቅ።

መድረኩ ላይ ከመድረሱ በፊት ግን የወረቀት ጉዳይ አለ። ባህላዊ ትርኢት ለማሳየት የሚመጡ ቡድኖች የሚገቡበት ፒ-3 የተባለ ቪዛ ባለሙያውን ላስመጣው አካልና ለዚያው ዝግጅት ያስረዋል፤ ጎን ለጎን ሌላ ሥራ መያዝ አይፈቅድም። ጥገኝነት ለጠየቀ ሰው ደግሞ፣ ለዓመታት ሲሠራበት በቆየው ደንብ፣ ማመልከቻው ከገባ 180 ቀን ካልሞላው የሥራ ፈቃድ አይሰጠውም። ስድስት ወር ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሰውየው የወዳጅ ሶፋ ላይ ያድራል፣ ቤት ያጸዳል፣ ልጅ ይጠብቃል። ባልትና ቤት ሲገባ «አንተ እኮ የዚያ ድራማው ሰውዬ ነህ!» ይሉታል፤ ፎቶ አብረውት ይነሣሉ። ከዚያ የአውቶቡስ ካርዱ ላይ ገንዘብ መኖር አለመኖሩን እያሰላ ይወጣል። ዝናው በእርግጥ አብሮት ተሻግሯል፤ የማይመነዘር ሆኖ እንጂ።

ፈቃዱን ካገኘ በኋላ ሁለት በሮች አሉ፤ የአሜሪካው መድረክና የራሱ ማኅበረሰብ መድረክ።

የአሜሪካው በር ኦዲሽን ነው። አዲስ አበባ ላይ ስም ያወጣ ተዋናይ አዘጋጁ ደውሎ ይጠራዋል። እዚህ ግን ሃያ ዓመት የሠራም ሆነ ትናንት የተመረቀ አንድ ሰልፍ ላይ ይቆማል። ስምንት በአሥር ኢንች የሆነ የፊት ፎቶ ይይዛል፤ ከጀርባው የሥራ ልምዱን የሚገልጽ አንድ ገጽ ይሰፋበታል። የተሰጠው ጊዜ ብዙ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። በዚያች ጊዜ ስሙን ተናግሮ፣ ጠባያቸው የተለያየ ሁለት አጫጭር መነባንቦች አቅርቦ፣ አመስግኖ ይወጣል። ወረቀቱ ላይ «ብሔራዊ ቴአትር» ተብሎ የተጻፈው ለፈታኞቹ ምንም አይነግራቸውም። የትኛው ሀገር ብሔራዊ? ስንት ወንበር? እነዚህን የሚጠይቅበት ጊዜ ያለው ፈታኝ የለም።

ዋሽንግተን የቴአትር ድሃ ከተማ አይደለችም። አሪና ስቴጅ ከ1950 ጀምሮ ይሠራል፤ ኬነዲ ማዕከል የተከፈተው በ1971 ነው። ስቱዲዮ ቴአትር፣ ዉሊ ማመዝና ሲግኔቸር አሉ። የከተማው የቴአትር ሽልማት እዚያው ተወልዳ ባደገችው ተዋናይት በሔለን ሄይስ ስም የተሰየመ ነው። ይሁን እንጂ የከተማው ልጆችም ቢሆኑ በአብዛኛው ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው የሚዘሉ ናቸው። በ1913 የተመሠረተው የአሜሪካ ተዋንያንና የመድረክ አስተባባሪዎች ማኅበር፣ ኢኩዊቲ፣ ከ50 ሺህ በላይ አባላት አሉት። ከኮቪድ ወረርሽኝ በፊት በነበሩት ዓመታት በአንድ በተወሰነ ሳምንት መድረክ ሥራ ላይ የሚገኘው ከሰባት ወይም ከስምንት አባል አንዱ ገደማ ነበር። የጤና መድን የሚገኘው ደግሞ በቂ ሳምንታት የሠራ አባል ሲሆን ነው። አዲስ መጤው ይህን ሲሰማ ትንሽ ይጽናናል፤ ሥራ ማጣት የእሱ ብቻ ዕጣ አይደለማ።

የእሱ ብቻ የሆነው የአነጋገር ጉዳይ ነው። እንግሊዝኛው ጥሩ ቢሆንም ቅላጼው የሚሰጠው ቦታ የታክሲ ሹፌር፣ ስደተኛ ወይም ስሙ ያልተጠቀሰ አፍሪካዊ ይሆናል። ሁለት መስመር ተናግሮ ይወጣል። ይህ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ያደጉት በጎንደር ነው፤ አባታቸው ገሪማ ታፈረ ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ፤ ልጅየው በአባታቸው ተውኔቶች ተጫውተዋል። በ1967 ቺካጎ የሚገኘው ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ገቡ። ለጥቁር ተማሪ የሚሰጠው የአሽከርና የአጃቢ ቦታ ስላልተዋጠላቸው ቴአትሩን ትተው ሎስ አንጀለስ ሄደው ፊልም ተማሩ። ኋላ ዋሽንግተን መጥተው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1993 «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልማቸውን ሲጨርሱ የሚያከፋፍል ኩባንያ አልተገኘም። እሳቸውም ሲኒማ ቤት በኪራይ እየያዙ፣ በየከተማው ያለውን ጥቁር ማኅበረሰብ እየቀሰቀሱ ራሳቸው አሳዩት፤ ፊልሙ ለሳምንታት ሰው አጣቦ ታየ። በጆርጂያ ጎዳና ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት የተከፈተው የመጻሕፍትና የፊልም ቤት የዚያ ፊልም ስም አለው። መድረክ ሳይሆን ተመልካች ቀድሞ መፈለግ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ከሌላ ሀገር የመጡ ሁለት ጎረቤቶች ደግሞ የቋንቋውን ችግር በተቃራኒ መንገድ ፈትተውታል። ከጆርጂያ፣ ከቀድሞዋ የሶቪየት ሪፐብሊክ፣ የመጡት ባልና ሚስት ፓታና ኢሪና ፂኩሪሽቪሊ በ2001 ሲኔቲክ ቴአትርን አቋቋሙ። እሱ አዘጋጅ፣ እሷ የእንቅስቃሴና የውዝዋዜ ባለሙያ ናቸው። በ2002 ሼክስፒርን አነሡና «ሐምሌት»ን አንድ ቃል ሳይነገርበት ሠሩት፤ በሰውነት እንቅስቃሴና በሙዚቃ ብቻ። የሔለን ሄይስ ሽልማቶችን ወሰደ፤ ቃል አልባው ሼክስፒርም የቤታቸው መለያ ሆነ። እንግሊዝኛ ያንሳቸዋል የሚባሉት ሰዎች እንግሊዝኛውን ከነጭራሹ አወጡት።

ሌላው በስፓኒሽ የሚሠራው ቴአትር ቤት ነው። አርጀንቲናዊው ሁጎ ሜድራኖና ባለቤቱ ርብቃ ሪድ ሜድራኖ በ1976 የላቲን አሜሪካ አርቲስቶች ቡድን ብለው መሠረቱት። ከትንሽ ቤት ተነሥቶ በ2005 ኮሎምቢያ ሃይትስ በሚገኘው በጥንታዊው ቲቮሊ ቴአትር ውስጥ ገባ። ተዋንያኑ በስፓኒሽ ይጫወታሉ፤ ከመድረኩ በላይ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይበራል። አያትም፣ ስፓኒሽ የጠፋበት የልጅ ልጅም፣ ነጭ ጎረቤትም አንድ አዳራሽ ይገባሉ።

ለአማርኛ ተውኔት የሲኔቲክ መንገድ የሚቀና አይደለም። የአማርኛ መድረክ ከጥንቱም የቆመው በቃል ነው። የጸሐፌ ተውኔቱን የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ሥራ ያለ ቃል መሥራት ዶሮ ወጥን ያለ ሽንኩርት እንደመሥራት ነው። የስፓኒሹ ቤት መንገድ ግን ይሆናል፤ እስካሁን በስፋት አለመሞከሩ ያስቆጫል። አሜሪካ ከተወለዱት ልጆች ብዙዎቹ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ፈሊጡ ያመልጣቸዋል። ወላጅ ሲስቅ ልጅ «ምን አለ?» ይላል፤ ወላጅ ሲያስረዳ ቀጣዩ ቀልድ ያልፋል።

በማኅበረሰቡ በር በኩል ረጅም መንገድ ከሄዱት አንዷ ተዋናይት፣ ገጣሚና የዘፈን ግጥም ደራሲ ዓለምፀሐይ ወዳጆ ናቸው። በአዲስ አበባ መድረክ ስም ካተረፉ በኋላ በስደት ዋሽንግተን ገብተው በ2000 ጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከልን መሠረቱ። ማዕከሉ ተውኔት ያዘጋጃል፣ ከሀገር ቤት የሚመጡ ባለሙያዎችን ያስተናግዳል፤ ወርኃዊ የግጥም ምሽቱ ደግሞ ብዙ አዲስ መጤ ባለሙያ ለመጀመሪያ ጊዜ ማይክ የጨበጠበት ነው። የግጥም ምሽት ርካሽ ነው፤ መብራት፣ ዲኮርና የወራት ልምምድ አይጠይቅም። ግን በታወቀ ጊዜ ይመጣል፤ ሰው ይለምደዋል። አዲስ አበባ ላይ ቤቱ የሚሰጠውን የቀን ልማድ እዚህ የሚተካ ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ተውኔት ሲነሣ ግን ነገሩ ይከብዳል። ልምምድ የሚደረገው በአፓርታማ ሕንጻ የጋራ ክፍል፣ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ወይም በአንዱ ተዋናይ ሳሎን ውስጥ ነው። ወለሉ ላይ በሰማያዊ ቴፕ በርና መስኮት ይሠመራል፤ ሁለት ፕላስቲክ ወንበር ሶፋ ነው፣ የውሃ ካርቶን ሣጥን ነው። ሰዓቱ የሚወሰነው በጥበብ ሳይሆን በሺፍት ነው። ኡበር የሚነዳው መተግበሪያውን አጥፍቶ ይመጣል፤ የመኪና ማቆሚያ የሚሠራው ተረኛው ካልተካው መንቀሳቀስ አይችልም፤ አረጋውያን የምትንከባከበው የሌሊት ተረኛ ስለሆነች ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት መውጣት አለባት። ስለዚህ ትዕይንቱ በቅደም ተከተል አይለማመድም፤ የመጣው ሰው ያለበት ትዕይንት ይለማመዳል። ሙሉው ቡድን አንድ ላይ የሚገናኘው ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ሳምንት ነው። ይህ የሰዓትና የቦታ ችግር የተውኔቱንም ቅርጽ ይወስናል። ከሦስትና ከአራት የማይበልጥ ገጸ ባሕርይ፣ አንድ ሳሎን፣ በአንድ ቫን የሚጫን ዲኮር፤ ጉዳዩ ትዳር፣ ዲቪ፣ ከሀገር ቤት የመጣች እናት፤ ቃናው ኮሜዲ። በአሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ የደከመ ሰው መሳቅ ይፈልጋል፤ በዚህ አይፈረድበትም። አሳዛኝ ተውኔት ግን እየጠፋ ነው።

አዳራሹ የትምህርት ቤት ወይም የሆቴል ነው። ውሉ ቅድሚያ ክፍያና የአደጋ ኃላፊነት መድን ይጠይቃል፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ዲኮሩ ከሚገባበት እስከሚወጣበት ነው። ብዙ አዳራሽ የራሱን የመብራት ባለሙያ ያስገድዳል፤ ባለሙያው አማርኛ አያውቅም። ስለዚህ ከቡድኑ አንድ ሰው ጽሑፉን ይዞ አጠገቡ ይቀመጣል። ተዋናዩ «እማዬ ሞታለች» ሲል መብራቱ መደብዘዝ አለበት፤ ከዚያ በፊት ያለውን ዓረፍተ ነገር እየሰማ «ተዘጋጅ» ይላል፣ ቃሉ ሲመጣ «አሁን!»። ተዋናዩ ያን ዕለት ስሜት ይዞት ሁለት ቃል ከዘለለ መብራቱ እናትየው ሳትሞት ይጠፋል። እንዲህ ያለ ነገር የሚታረመው በሁለተኛው ትርኢት ነበር፤ ሁለተኛ የለም።

የገንዘቡ ነገር አጭር ነው። ከትኬቱ ላይ አዳራሽ፣ ድምፅ፣ ፖስተርና መድን ሲነሣ የሚተርፈው ለቡድኑ ይከፈላል፤ አንዳንዴም አይተርፍም። ፍሪላንሱ እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ነጋዴ ስለሚቆጠር 1099 የተባለው ቅጽ ይደርሰዋል። ግብሩን ማንም አይቆርጥለትም። ከተራ የገቢ ግብር ሌላ በራሱ ለሚሠራ ሰው የሚጣለው 15.3 በመቶ አለ፤ በዓመት አራት ጊዜ አስቀድሞ መክፈል ይጠበቅበታል። የመጀመሪያውን ዓመት ይህን ሳያውቅ ያለፈ ባለሙያ በሚያዝያ ወር ይደነግጣል። ለልምምድ የነዳው መንገድ፣ አልባሳትና የፎቶው ዋጋ ከገቢው እንደሚቀነስ የሚያውቀውም ዘግይቶ ነው፤ ደረሰኝ ማስቀመጥ ከመጀመሪያው ቀን ይበጃል።

መተዳደሪያው ስለዚህ ሌላ ሥራ ነው። ታክሲና ጋራዥ የታወቁ ናቸው። ሙያውን የሚያስረሱ ብቻ አይደሉም ግን። በስልክ ማስተርጎም አለ፤ ሐኪም ቤትና ፍርድ ቤት አማርኛ ይፈልጋሉ፤ ድምፁን የሚገዛ ተዋናይ በዚህ ይከብራል። ሠርግና ልደት መምራት አለ፤ ቅዳሜ ምሽት የሚከፍለው ከቴአትሩ ይበልጣል። እምብዛም የማይታወቀው በሽተኛ መምሰል ነው። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን የሚፈትኑት በሐሰተኛ በሽተኛ ነው። የጦር ሠራዊት ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ዩኒቨርሲቲ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለዚሁ የተሠራ ማዕከል አለው። ተዋናዩ የሕመሙን ታሪክ ያጠናል፤ የሆድ ቁርጠቱ የት እንደሚጀምር፣ ሲነካ እንዴት እንደሚሸማቀቅ፣ ካልተጠየቀ የማይናገረው ምሥጢር የቱ እንደሆነ። በአንድ ቀን ለአሥር ተማሪ አሥር ጊዜ ያንኑ ያለ ለውጥ ይጫወታል። ቅላጼው እዚህ አያስጥለውም፤ ሐኪሙ ነገ የሚያገኘው በሽተኛ እንደዚህ ይናገራልና። የአሥረኛውና የሃያኛው ትርኢት ልምድ የተመለሰለት፣ አስቂኝ ቢመስልም፣ በዚህ የምርመራ ክፍል ነው።

ለአማርኛው ተውኔት የዓመቱ ትልቁ ገበያ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ከ1984 ጀምሮ በጁላይ መግቢያ የሚያደርገው የኳስ ውድድር ሳምንት ነው፤ ከተማው በየዓመቱ ቢለዋወጥም ሕዝቡ ተሰብስቦ ስለሚገኝ ተመልካች ፍለጋ አይዞርም። ከዚያ ውጭ ትኬት የሚሸጠው በምግብ ቤቶችና በባልትና ሱቆች ባንኮኒ፣ በሬዲዮና በቴሌግራም ነው። ፖስተሩ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር የምሽቱ «6 ሰዓት» ተብሎ ይጻፋል። ሰው መግባት የሚጀምረው ሰባት ተኩል ላይ ነው፤ አዳራሹ በ11 ይዘጋል፤ ካለፈ በየሰዓቱ ቅጣት አለው። ስለዚህ አዘጋጁ መጋረጃ ጀርባ ቆሞ ከሁለተኛው ገቢር የትኛው ትዕይንት እንደሚቆረጥ ይወስናል። ሦስት ወር ከተለማመዱት ላይ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ራስ ምታት ትኬት በር ላይ የመግዛት ልማድ ነው። የአዳራሹ ቅድሚያ ክፍያ ከዝግጅቱ በፊት ይከፈላል፤ ስንት ሰው እንደሚመጣ የሚታወቀው ግን በዕለቱ ነው። ስንቱ ቡድን ሁለተኛ ምሽት ጨምሮ መያዝ እየቻለ በዚህ ምክንያት ፈርቶ ትቶታል። የአማርኛ ቴአትር ለማየት ያሰበ ሰው ትኬቱን ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይግዛ፤ በተጻፈው ሰዓትም ይግባ።